ትሉ አልሞተም፤ መብላት ግን አቁሟል

ከዴንቨር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ሲሉ ሜዳው በቆሎ በበቆሎ ነው። የምሠራበት የሄምፕ እርሻም በሁለት ጎኑ ከጎረቤት በቆሎ ጋር ይዋሰናል። ሄምፕና ማሪዋና አንድ ተክል ናቸው፤ የለያቸው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የአሜሪካ የግብርና ሕግ፣ ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር መጠኑ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ሄምፕ ብሎ እንዲመረት ፈቀደ። እኛ የምናመርተው ሲቢዲ ለሚባለው፣ ለማያሰክረው የተክሉ ንጥረ ነገር ዘይት የሚሆነውን አበባ ነው። ማሳው የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት አለው። ይህ ወረቀት ወደኋላ ላይ ስለሚመጣ ያዙልኝ።

የኔ ሥራ ስካውቲንግ ነው። ዝዋይ የጽጌረዳ እርሻ የሠራ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። አጉሊ መነጽር አንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ መስመር ለመስመር እየዞሩ፣ ቅጠል እየገለበጡ ተባይ መፈለግና መመዝገብ ነው። እኔም የጀመርኩት እዚያው ነው። ዝዋይ ትልቁ ጠላታችን ስፓይደር ማይት የሚባለው፣ ቅጠል የሚመጥ ደቃቃ ተባይ ነበር። እሱን የሚበላ ፐርሲሚሊስ የሚባል ሌላ ማይት ቅጠሉ ላይ እንበትን ነበር። ግሪንሃውስ ግን ጣሪያና ግድግዳ አለው። ሜዳ ላይ ነፋሱ የፈለገውን ያመጣል።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። አበባው መወፈር ጀምሯል። በዚያ ሰሞን የመስኖ ቱቦ እየፈነዳ ስላስቸገረ ማናጀሩ ሁላችንንም ጥገና ላይ መደበን። ስካውቲንግ «ሲመቻችሁ» የሚሠራ ሥራ ሆነ። የሚመቸን ጊዜ ደግሞ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ቱቦ ሲጠግኑ የነበሩ ጋሼ ጠሩኝ። የምንጃር ሰው ናቸው። ሽምብራና ጤፍ ሲያርሱ ኖረው ልጆቻቸው ናቸው ወደ አሜሪካ ያመጧቸው። ቤት መቀመጥ አልሆንልህ ብሏቸው ከኛ ጋር ይሠራሉ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ይቺን እያት።»

ከአበባው መሃል አንዲት ቅጠል ብቻዋን ደርቃለች። ጋሼ በጥፍራቸው ፈልቀቅ ሲያደርጉት ትሉ ብቅ አለ። ዙሪያውን ጥቁር ጥቁር ኩስ ተበትኗል።

«ይሄማ ጓይ ትል ነው!» አሉ። «ስንት ዓመት ሽምብራዬን የበላብኝ!»

አልራቁም። የኛ አገሩ ጓይ ትል ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ ነው። ይሄኛው እዚህ የበቆሎ ትል የሚሉት፣ ሄሊኮቨርፓ ዚያ የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ጠባያቸው ይመሳሰላል። ቅጠል ላይ ጊዜ አያጠፉም፤ ወደ ፍሬውና ወደ አበባው ይገባሉ። ጋሼ መነጽር ሳይዙ፣ አንድም ማኑዋል ሳያነቡ፣ ከደረቀችው ቅጠል ብቻ ነው የደረሱበት።

ለምን በዚያ ሰሞን መጣ? መልሱ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ነበር። የበቆሎው ፀጉር ትኩስ ሳለ የእሳት እራቷ እንቁላሏን እሱ ላይ ትጥላለች። ፀጉሩ ሲደርቅ ሌላ ማረፊያ ትፈልጋለች። ልክ በዚያ ጊዜ የኛ ሄምፕ አበባ ላይ ነው። ለዚህ ነው በበቆሎው በኩል ያሉት መስመሮች ከመሃሉ ይልቅ የተጎዱት።

ትሉ የሚበላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። የከፋው ከኋላው የሚመጣው ነው። የቆሰለውና ኩስ የሞላበት አበባ ለግራጫ ሻጋታ በሩ ክፍት ነው። ዝዋይ ጽጌረዳውን የሚያበሰብስብን ቦትራይቲስ ማለት ነው። ዝናብ ወይም ከባድ ጤዛ ከተጨመረበት አበባው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል።

በዚያኑ ዕለት ማታ ቢቲ ረጨን። ቢቲ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ይሠራል። ትሉ ካልበላው ምንም አያደርገውም። ከበላው ግን የባክቴሪያው ፕሮቲን አንጀቱ ውስጥ ሟሙቶ አንጀቱን ይበሳዋል። ኩርስታኪ የሚባለው ዓይነት የእሳት እራትና የቢራቢሮ ትሎችን ብቻ ነው የሚነካው። ማታ የረጨነው ፀሐይ ቶሎ ስለምታበላሸው ነው።

በማግስቱ ማናጀሩ ማሳ ገባ። አንድ አበባ ፈለቀቀ፣ ትሉ ተንቀሳቀሰ። ሌላ ፈለቀቀ፣ እሱም ተንቀሳቀሰ።

«ውሃ ነው የረጫችሁት» አለኝ። «ጎረቤታችን በቆሎው ላይ የሚረጨውን ዛሬውኑ አመጣለሁ።»

ፍርሃቱ ይገባኛል። የዓመት ገንዘቡ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሟል። ግን የጎረቤቱ መድኃኒት ሠራሽ ፓይረትሮይድ ነው፤ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ነፍሳት የሚገድል ኬሚካል። በመለያው ላይ ሄምፕ የለም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መለያው ላይ ያልተጻፈ ሰብል ላይ መርጨት ሕገወጥ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሄምፕ ከፈቀዳቸው 10 ምርቶች 9ኙ ባዮፔስቲሳይድ፣ ማለትም እንደ ቢቲ ከተፈጥሮ የሚገኙ የተባይ መከላከያዎች የሆኑት በከንቱ አይደለም። ወረቀታችንም አለ። የተከለከለ ነገር አንዴ ማሳው ላይ ካረፈ ለ3 ዓመት ኦርጋኒክ ብሎ መሸጥ አይቻልም። ከሁሉም በላይ ግን ይሄ አበባ ተጨምቆ ዘይት ይሆናል። ሲጨመቅ የመድኃኒቱ ቅሪትም አብሮ ሊከማች ይችላል። ያን ዘይት የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ሕመም ያለበት ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ዴንቨር ይህን በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከተማዋ ባልተፈቀደ መድኃኒት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የማሪዋና ተክል አግዳ ነበር። ስሙ ከተነሳው አንዱ ማይክሎቡታኒል ነው። ለወይን ተክል የተፈቀደ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ሲቃጠል ግን ሃይድሮጂን ሳያናይድ ያወጣል። ወይንን ማንም አያጨስም።

ይህን ሁሉ ለማናጀሩ ብነግረውም ትሉ እየተንቀሳቀሰ ነው። በቃል ብቻ እንደማይሆን አየሁ። «እስከ ማታ ታገሠኝ» አልኩት። ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያዎች አመጣሁ። ከተረጨው መስመር ትናንሽ ትሎችን ከነአበባቸው ለቀምኩ። ቢቲ ከማይደርስበት፣ ሆን ብለን ሳንረጭ ከተውነው ጥግ ደግሞ ሌሎች ለቀምኩ። በአንድ ኩባያ አንድ ትል ብቻ ነው ያስገባሁት፤ እነዚህ ትሎች አብረው ከተቀመጡ እርስ በርስ ይበላላሉ። ሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸውና ወደ ቱቦዬ ተመለስኩ።

ማታ ስንገባ ያልተረጩት ኩባያዎች ታች በኩስ ተሞልቷል። የተረጩት ውስጥ ትሎቹ አሉ፣ ይንቀሳቀሳሉም፤ አዲስ ኩስ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቢቲ የበላ ትል በሰዓታት ውስጥ ምግብ ያቆማል። የሚሞተው ቀናት ቆይቶ ነው። አበባውን የሚጎዳው ደግሞ አፉ እንጂ እግሩ አይደለም።

ማናጀሩ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አያቸው። «ትልልቆቹስ?» አለ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቢቲ ትንንሾቹን ነው የሚጥለው። ያደገውና አበባ ውስጥ የተቀበረው ትል የተረጨውን ክፍል ላይበላው ይችላል። ለሱ መድኃኒቱ እጅ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት በበቆሎው በኩል ያሉትን መስመሮች በእጃችን ለቀምናቸው። ጋሼ ፊት ፊት እየሄዱ የደረቀች ቅጠል ያያሉ፣ እኛ ከኋላ በመቀስ እንቆርጣለን። የተቆረጠው አበባ መሬት አይጣልም፤ በከረጢት ታስሮ ከማሳው ይወጣል። ፀሐዩ ቢቲውን ስለሚያጠፋውና አዲስ እንቁላል ስለሚፈለፈል ርጭቱንም ደገምነው።

ኪሳራ አልነበረም አልልም። በበቆሎው ዳር ያለው ምርት ቀንሷል፤ የሻገተውን ጥለነዋል። የቀረው ግን ንጹሕ ወጣ፤ የገዢው ላቦራቶሪ ቅሪት አላገኘበትም። ሌላም ነገር አየሁ። መስከረም ላይ የታችኛው ቅጠል ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ደቃቃ ተባይ፣ ወጣበት። ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎችና ክሪሶፓ የሚባለው ተባይ በል ነፍሳት ልጆች ግን በየቅጠሉ ነበሩ፤ እየዞሩ ክሽክሹን ለቀሙት። ያ ፓይረትሮይድ ተረጭቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ነበሩ፤ ክሽክሹም ማሳውን ብቻውን ይወርሰው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አሠራሩ ተቀየረ። ሐምሌ ላይ በበቆሎው ድንበር የፌሮሞን ወጥመድ ሰቀልን። ወንዱን የእሳት እራት በሴቷ ሽታ የሚስብ የመረብ ሾጣጣ ነው። ወጥመዱ ውስጥ የሚገባው ሲበዛ እንቁላል ፍለጋ እንጀምራለን፤ ቢቲው ትሉ ገና ሳይቀበር ይደርስበታል። የጎረቤታችንን የበቆሎ ፀጉርም እናያለን፤ መቼ እንደሚደርቅ ራሱ ገበሬው ደውሎ ይነግረናል። ስካውቲንግም በፕሮግራሙ ላይ የራሱ ቀንና የራሱ ክፍያ አለው። ቱቦ ቢፈነዳ እንኳ ከዚያ ሰዓት ሰው አይወሰድም። ሁለተኛው ስካውት ጋሼ ናቸው፤ ደሞዛቸውም ተጨምሯል።