እግር ብረትና የብር ማንቆርቆሪያ

ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ የለጠፍኩት ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1992 በባልቲሞር፣ በሜሪላንድ የታሪክ ማኅበር ሙዚየም ለእይታ የቀረበ አንድ የመስታወት ሣጥን ያሳያል። አበባና ቅጠል የተቀረጸባቸው የብር ማንቆርቆሪያዎችና ዋንጫዎች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የባሪያ እግር ብረት ተቀምጧል። መግለጫው «የብረታ ብረት ሥራ፣ 1793–1880» ከማለት በቀር ምንም አይጨምርም።

ሣጥኑን ያሰናዳው አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ባለሙያ ፍሬድ ዊልሰን እግር ብረቱን አልሠራውም፤ ብሩም እግር ብረቱም ከዚያው ሙዚየም ስብስብ የተገኙ ናቸው። የዊልሰን ድርሻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። በሌላ ክፍል ያማሩ ወንበሮችን እንደ ተመልካች አሰልፎ ፊታቸውን ወደ አንድ የመግረፊያ ምሰሶ አዙሯቸዋል፤ እኔን ግን የሚይዘኝ ያ አይደለም፣ ጩኸቱ በዛብኝ መሰለኝ። የሚይዘኝ የሣጥኑ ዝምታ ነው።

ብር ካልተወለወለ ይጠቁራል። በሜሪላንድ ባርነት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1864 በመሆኑ፣ መግለጫው ከሚጠቅሳቸው ዓመታት አብዛኞቹ የባርነት ዘመን ናቸው፤ ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ማንቆርቆሪያውን ያብረቀረቀው እጅ እግር ብረቱን የሚያውቅ ሰው እጅ እንደነበረ ለመገመት አያዳግትም። ሙዚየም ብሩን «ጌጥ»፣ ሰንሰለቱን «የባርነት ቅሪት» ብሎ በየክፍሉ ሲለያያቸው፣ አንዱ የሌላው ወጪ መሆኑ ከዓይን ይሰወራል።

ይህን ፎቶግራፍ ያየ አንድ ወዳጄ «ይሄ የነሱ ጉዳይ ነው» ብሎኝ ነበር። የቆዳ ቀለምን ሕግ አድርጎ ትውልድ ያሰረው የአሜሪካ ባርነት በእርግጥ የራሱ ታሪክ አለው። ነገር ግን በአገራችንም ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብም እስካሁን ከአፋችን አልወጣም። አንጥረኛውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በ«ቡዳ» ስም ስናገልል ኖረን፣ ሥራቸውን ግን አንገታችን ላይ አንጠልጥለናል፣ ወጣችንንም ሠርተንበታል።

አያቴ በዓል ሲቃረብ የአንገት መስቀላቸውን በአመድና በሎሚ እያሹ ሲያጠሩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። መስቀሉን ከየትኛው ገበያ፣ በስንት ብር እንደገዙት ሳይሰለቹ ያጫውቱኝ ነበር። የሠራውን ሰው ግን «ያ ጠይብ» ከማለት ውጭ በስሙ ሲጠሩት አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።