እንግዳ ሲመጣ ከኦቨን የሚወጣው የሸርጣን ዲፕ

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር ሰው ከሸርጣን አያመልጥም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ቅርባችን ነው። ሰማያዊው ሸርጣን በ1989 በሕግ የግዛቷ መለያ ከሆኑት አንዱ ተደርጓል። ሰዉ በእንፋሎት ያበስለውና ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ በእንጨት መዶሻ እየሰበረ ይበላዋል። እኔ ልቤ ያረፈው ግን ትኩሱ ዲፕ ላይ ነው፤ ዳቦ እየጠቀሱ የሚበሉት የአይብና የሸርጣን ድብልቅ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤቴ ለመጥራት ድፍረት የሰጠኝ እሱ ነው።

ስደት ላይ እንግዳ መጥራት ያስፈራል። የሥራ ባልደረቦቻችን ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ማን ምን እንደሚወድ አይታወቅም። ከሥራ ደክሞን ገብተን ምግብ ስንል፣ ሰው ሳሎን ሲጫወት እኛ ኩሽና እንቀራለን። በዲፕ ግን ሥራው ቀድሞ ያልቃል። ማታ ተደባልቆ ፍሪጅ ያድራል፣ በማግስቱ ኦቨን ይገባል፣ አለቀ። ደግሞ ትኩስ ሳህን መሃል ላይ ሲቀመጥ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳን ዙሪያውን ይሰበሰባሉ። ዳቦ ሲቀባበሉ ጨዋታው በራሱ ይጀመራል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምወደው።

አሠራሩ ይኸው። አንድ ፓኬት ክሬም ቺዝ (ለስላሳ አይብ)፣ ማለትም 226 ግራም፣ ቀደም ብሎ ከፍሪጅ ይውጣ። በቀዝቃዛው ካማሰሉት እየተጓጎለ ያስቸግራል። ሲለሰልስ ሩብ ኩባያ ማዮኔዝ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ ዉስተርሻየር ሶስና ኦልድ ቤይ ከሚባለው የቅመም ድብልቅ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩበት። ጨው አትቸኩሉ፤ ቅመሙም አይቡም ጨው አላቸው።

ስለ ኦልድ ቤይ ካነሳሁ አይቀር፣ የቀመመው ጉስታቭ ብሩን ራሱ ስደተኛ ነበር። በናዚ ጀርመን አይሁዳዊ ቅመም ነጋዴ ሆኖ በ1938 ታስሮ ቡከንቫልድ ማጎሪያ ገባ። ከተፈታ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ባልቲሞር መጣ፣ እዚያም የራሱን የቅመም ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሜሪላንዶች የእኛ የሚሉት ጣዕም ከስደተኛ እጅ የወጣ ነው። ቆርቆሮውን በከፈትኩ ቁጥር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሸርጣኑ። አንድ ፓውንድ፣ 454 ግራም ገደማ ይበቃል። ጃምቦ ላምፕ የሚባለውን ትልልቁን ሥጋ አትግዙ፤ ውድ ነው፣ አይብ ከሸፈነው በኋላ ውበቱም አይታይም። ባክፊን የሚባለው ትንንሹ የገላው ሥጋ ወይም የመቆንጠጫው ሥጋ ይሻላል። የመቆንጠጫው ጠቆር ያለ ነው፣ ጣዕሙ ግን አይጠፋም።

ሥጋውን ሰፊ ሳህን ላይ በትናችሁ በጣት ጫፍ ዳብሱት። ቅርፊቱ ቀጭንና ነጣ ያለ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል፣ ጣት ግን ያገኘዋል። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። የእንግዳ ጥርስ ላይ ቀጭ ካለ ቀሪው ድካም ሁሉ ይረሳል። ከዚያ ከአይቡ ድብልቅ ጋር ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ በቀስታ ደባልቁት፤ አጥብቃችሁ ካማሰላችሁት ሥጋው ተበጣጥሶ ይቀራል። በላዩ የተፈጨ ቼዳር አይብ ነስንሱና በ350 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 175 ገደማ፣ ለ25 ደቂቃ ያህል ጋግሩት። ዳር ዳሩ ሲንተከተክና አናቱ ቡናማ ሲል ደርሷል። የመስታወት ሳህን ከሆነ ከፍሪጅ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አታስገቡት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በሽሪምፕም ይሠራል። ቀድሞ በስሎ፣ ተከትፎ፣ ውኃው በደንብ ይንጠፍጠፍ። ካልተንጠፈጠፈ ዲፑ ይቀጥናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሸርጣንና ሽሪምፕ ብዙ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳሉ፤ ለሕይወትም ያሰጋሉ። ስትጋብዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዉስተርሻየር ሶስም አብዛኛውን ጊዜ አንቾቪ የሚባል ዓሣ አለበት፣ እሱንም ተናገሩ። የዲፑ ማንኪያ ሌላ ሳህን ውስጥ እንዳይገባ ለየት አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ጠረጴዛ ላይም ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። እኔ አንድ ትልቅ ሳህን ከመሙላት ሁለት ትንንሽ ማድረግን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ሲጋመስ ሁለተኛውን ኦቨን እከተዋለሁ፣ ዘግይቶ የመጣም እንግዳ ትኩሱን ይበላል።