«ጠፋ»

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ሰበቡን ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ቃል ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ የስኳር በሽታ ይዟት የነበረች አንዲት የማውቃት ልጅ በወለደች በሦስተኛው ቀን «ስኳሩ ጠፋልኝ!» ብላ ጽፋልኛለች። «እንኳን ደስ ያለሽ» ልላት ጀመርኩና ጣቴ ቆመ።

ጠፍቶ የት ሄደ? በእርግዝና ጊዜ ኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባውን ሆርሞን) አላሠራ የሚሉት በዋናነት ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩት ሆርሞኖች ናቸው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ጫናው ይነሳል፣ የደም ስኳሩ ቁጥርም ይወርዳል። ኢንሱሊን የሚያመነጨውና ያንን ጫና መቋቋም ያቃተው ቆሽት ግን ያው የድሮው ቆሽት ነው። በእርግዝና ስኳር ያለፈች ሴት በኋላ በታይፕ 2 (በማይለቀው የስኳር በሽታ ዓይነት) የመያዝ ዕድሏ ካላለፈችው ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ስደርስ ሐሳቤ ወደ ጡት ሄደ። ወተት እኮ ስኳር ነው! አንድ ሊትር የእናት ወተት 70 ግራም ያህል ላክቶስ (የወተት ስኳር) አለው፤ ሕፃኑ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ከጠባ ከ50 ግራም በላይ ወሰደ ማለት ነው። የሚሠራው ደግሞ በዋናነት ከእናትየው ደም ከሚቀዳ ግሉኮስ (የደም ስኳር) ነው፤ የጡት ሴሎችም ግሉኮሱን ለማስገባት ኢንሱሊን መጥቶ በር እስኪከፍትላቸው አይጠብቁም። ኢንሱሊን አልሰማ ላለ ሰውነት ከዚህ የተሻለ ማስተንፈሻ አላውቅም።

ክፋቱ፣ ወተት የሚሠሩት ሴሎች ራሳቸው ሥራ ለመጀመር ኢንሱሊን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወተቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሞልቶ መምጣት ሲገባው በእነዚህ እናቶች ላይ ሊዘገይ ይችላል። «ወተት የለኝም» ይባላል፣ ጡጦ ይገባል፣ ሕፃኑ ትንሽ ይጠባል፣ ትንሽ የተጠባ ጡትም ትንሽ ያመርታል። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ በመጀመሪያው ሰዓት ገላ ለገላ አድርጎ ማጥባት፣ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ጨምሮ እንዲጎርስ ማድረግ። አልጎርስ ካለ እንገሩን በእጅ አልቦ በማንኪያ መስጠት። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ቢወጣ አያስደነግጥም፤ ሕፃኑም ለጊዜው የሚበቃው ያን ያህል ነው። የሕፃኑ የራሱ ስኳር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይለካ፤ ሊወርድበት ይችላል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የሰሜን ካሊፎርኒያ ጥናት በእርግዝና ስኳር ያለፉ ሺህ ያህል ሴቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከ10 ወር በላይ ያጠቡት ላይ ስኳር የታየው ጥቂት ብቻ ካጠቡት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ግድም ቀንሶ ነው። ደስ ይላል። ግን ወተቱ ነው የጠበቃቸው፣ ወይስ ድሮም ሰውነታቸው የተሻለ ስለነበር ነው ወተቱ በቀላሉ የመጣላቸው? ተመራማሪዎቹ ክብደትንና ሌላውንም አገናዝበዋል፤ ቢሆንም እናቶችን በዕጣ ከፍሎ «አንቺ አጥቢ፣ አንቺ ተይ» ማለት አይቻልምና ጥያቄው ከነጥርጣሬው ይኖራል።

የማያጠራጥረው ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት የሚደረገው ምርመራ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ጾሞ ደም መስጠት፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጠጣት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ እንደገና ደም መስጠት። በጾም 126 ወይም በሁለተኛው ሰዓት 200 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ በሁለተኛው ሰዓት ከ140 እስከ 199 ከሆነ ወደ ስኳር በሽታ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የሦስት ወሩን የደም ስኳር አማካይ (HbA1c የሚባለውን ምርመራ) ብቻ አይቶ መሸኘት አያዋጣም፤ በወሊድ የፈሰሰው ደም ያንን ቁጥር ያሳስተዋል። ካስመለሳት ሌላ ቀን ይደገማል። እየጠበቀች ካጠባች ደግሞ ትጻፈው፤ የሁለተኛው ሰዓት ቁጥር በመጠኑ ዝቅ ሊል ይችላል። ሕፃኑ አለቀሰ ብላ በመጀመሪያው ሰዓት ተነስታ ከሄደች ጾሙም መጠጡም ከንቱ። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ይደገማል፣ ዕድሜ ልክ።

ስለ ደስታዋ ነበር የጀመርኩት፣ አይደል? «ጠፋ አትበይ፣ ተኛ በይ» ብዬ ልመልስላት አሰብኩ። በሌሊት አሥር ጊዜ ለምትነሳ አራስ «ተኛ» የሚል ቃል መላክ ስድብ እንዳይመስልባት ፈርቼ ይኸው ስልኩን እንደያዝኩ ነግቷል።