የጥምቀት ዶሮ ከአዘዞ እስከ ቀሃ፦ ሳይቀዘቅዝ እንዴት እንደማደርሰው

በጥምቀት ዕለት ከአዘዞ ተነስቶ ጎንደር መሃል በስንት ሰዓት እንደሚደረስ የሚያውቅ የለም። በአዘቦት ቀን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ታክሲ ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ጥር 11 ግን ታቦታቱ በሚያልፉበት ሁሉ መንገዱ የሕዝብ ነው። ታክሲው የሆነ ቦታ ይቆምና ሹፌሩ "ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ ነው" ይላል። የአማቶቼ ቤት ደግሞ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው፤ ከፋሲል መዋኛ ብዙም አይርቅም። ግርግሩ መሃል ማለት ነው።

የጥምቀት ዶሮ የኔ ድርሻ ነው። አማቴ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ምድጃ ላይ ብዙ መቆም አይችሉም። እኔም ቤቴ ሠርቼ ይዤ እሄዳለሁ።

ሰው ስለዚህ ነገር ሲያወራ መንገዱን ብቻ ነው የሚያስበው። መድረስ ግን መብላት አይደለም። ታቦት ሊሸኝ የወጣው ሰው እስኪመለስ ይጠበቃል። አማቴ ቤተሰቡ ካልተሰበሰበ መሶብ አይከፍቱም፤ ተለምነውም አይከፍቱም። ድስቱ ከእሳት የወረደው ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ 8 ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምቆጥረው ድስቱ ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ ነው።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም። የሚያስፈራው ለብ ያለው ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ቢፈላም አይሞትም። ሥጋ ያለበት ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃና ይራባል። የበዓል ዶሮ ወጥ ማለት እንግዲህ ሥጋ ያለበት ትልቅ ድስት ነው። በበዓል ማግስት ሆዱን የቆረጠው ሰው ሁሉ "ቅቤው በዝቶብኝ" ይላል። አንዳንዴ ቅቤው ያለ ጥፋቱ የሚታማ ይመስለኛል።

ዶሮውን የምሠራው ዋዜማውን ነው። ዋዜማው ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፤ ወጡን መቅመስ የለም። ጨውን በግምት፣ በርበሬውን በሽታ፣ የቀረውን በእግዚአብሔር። ቁሌቱን ማታ ጨርሼ፣ ብልቶቹን ጨምሬ፣ ሲበስል አወርደዋለሁ። ከዚያ ድስቱ ክዳኑን ደፍቶ እዚያው አያድርም። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጌ ድስቱን እነክረዋለሁ፤ ውሃውን እየቀየርኩ አማስለዋለሁ። ትንሽ በረድ ሲል በዝርግ ዕቃ አከፋፍዬ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። በዝርግ ዕቃ ያለ ወጥ በፍጥነት ይበርዳል፤ ድስት ሙሉው ግን መሃሉ እስከ ሌሊት ሙቅ ነው።

ጠዋት እንደገና አፈላዋለሁ። እዚህ ላይ የጎንደርን ከፍታ ማሰብ ጥሩ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 ላይ አይደለም። ጉዞውን የምጀምረው ከዝቅተኛ ቦታ ሰው ባነሰ ሙቀት ነው። ወጡ ደግሞ ወፍራም ነው። ሥሩ እየተንተከተከ ላዩ ገና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሳቱን ቀንሼ፣ ከሥር እያማሰልኩ፣ ዳርም መሃልም እስኪንተከተክ እጠብቃለሁ። የተላጡት እንቁላሎች የሚገቡትም ያኔ ነው፤ አብረው እንዲግሉ።

ድስቱ ወፍራምና ልኩ የሆነ ይሁን። ግማሽ ድረስ የተሞላ ትልቅ ድስት ቶሎ ይበርዳል፤ እስከ አፉ የቀረበ ትንሽ ድስት ሙቀቱን ይይዛል። አፉን በፎይል እሸፍንና ክዳኑን ከላይ እጭናለሁ። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ አራቱን ጫፎች ክዳኑ ላይ ጥብቅ አድርጌ እቋጥራለሁ። ቋጠሮው መያዣም ይሆናል።

ዋናው ዕቃዬ ለስላሳ መጠጥ የሚቀዘቅዝበት አይስ ቦክስ ነው። ቅዝቃዜ የሚይዝ ሳጥን ሙቀትም ይይዛል። ከመነሳቴ በፊት ሙቅ ውሃ ሞልቼ ክዳኑን እዘጋለሁ፤ ፕላስቲኩን እንዳያጣምመው የፈላ ውሃ አላደርግበትም። ድስቱ ሲዘጋጅ ውሃውን ደፍቼ፣ ውስጡን አድርቄ፣ ሥሩ ላይ የታጠፈ ወፍራም ፎጣ አነጥፋለሁ። ድስቱ ይገባል። ዳር ዳሩ የቀረው ባዶ ቦታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቀጠቃል፤ ክፍት ቦታ ሙቀት ይሰርቃል። ጋቢ ተጠቀሙ የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። የዶሮ ወጥ ሽታ የገባው ጋቢ እስከ ፋሲካ አይለቅም።

ከውጭ የመጣች ዘመዴ የምግብ ቴርሞሜትር አምጥታልኛለች። ከእሳት ሲወርድ 90 ያሳየኝ ድስት፣ እንዲህ ተጠቅልሎ ከአራት ሰዓት በኋላ 68 ላይ ነበር። በፎጣ ብቻ የተጠቀለለ አነስተኛ የአልጫ ድስት ግን በዚያው ጊዜ ከ60 በታች ወርዷል። አልጫው አሁን የሚሄደው በሰፊ አፍ ፔርሙዝ ነው።

እንጀራውን ከወጡ ጋር አላስቀምጠውም። የትኩስ ድስት ጎረቤት የሆነ እንጀራ ያልበዋል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ጫፉ ሊጥ ይሆናል። በደንብ የበረደውን በጨርቅ ጠቅልዬ በአገልግል ነው የምይዘው። አይቡ ከፍሪጅ ወጥቶ ከበረዶ ጋር በሌላ ዕቃ ይጓዛል። ክትፎና ጥብስ በመንገድ አይታሰቡም፤ ሥጋው እዚያው ተገዝቶ እዚያው ይሠራል።

ከታክሲ ወርደን የምንሄደውን ባለቤቴና ወንድሙ ሳጥኑን በግራና ቀኝ ይዘውት ነው። ማዘንበል የለም። ቅቤው ላይ ላዩን ስለሚንሳፈፍ መጀመሪያ የሚፈሰው እሱ ነው፤ በነጭ የበዓል ልብስ ላይ ደግሞ የቀይ ወጥ ቅቤ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ።

ከባዱ ሥራ ግን ከደረስን በኋላ ነው። ሁሉም መክፈት ይፈልጋል። "እስቲ ቀለሙን ልየው" ይላል አንዱ። "ፈረሰኛው የኔ ነው፣ መኖሩን ላረጋግጥ" ይላል ሌላው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። አማቴ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላቸው።

"ልጄ፣ ከማንደጃው ዳር ብናስቀምጠው አይሻልም? ይቀዘቅዛል እኮ።"

"እማማ፣ ፍሙ እየሞተ ነው። ከሳጥኑ ከወጣ ለብ ይላል። እዚያው ይቆይልኝ።"

"እንግዲህ ድስቱን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለሽው የለ፣ ምን እላለሁ።"

መሶቡ ሲቀርብ ቴርሞሜትሯን መሃል ላይ እነክራለሁ። ከ60 በላይ ከሆነ ይወጣል። ትንሽ ወርዶ ከተገኘና ብዙ ካልቆየ ከሰል ተያይዞ እስከ ሥሩ እየተንተከተከ ይፈላል፤ የበዓል ቀን መብራት ላይ ተስፋ አላደርግም። ስንት ሰዓት ለብ ብሎ እንደቆየ የማይታወቅ ከሆነ ግን ማፍላቱ አያድነውም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ዶሮ በዚህ ዋጋ እየተገዛ መድፋት አንጀት ይበላል። ቢሆንም ይደፋል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት አሉ።

ደባርቅ ያሉት ዘመዶቼ ጋ ስሄድ ይህን ሁሉ አልሞክርም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወጡን ፍሪጅ አሳድሬ፣ በዚያው አይስ ቦክስ በበረዶ ይዤው ሄጄ እዚያ አፈላዋለሁ። ረጅም መንገድ ላይ ቀዝቅዞ የሄደ ወጥ ከትኩሱ ይልቅ የታመነ ነው፤ ጣዕሙም አይጎዳም።

ከቀሃ ድስቱ ባዶውን አይመለስም። አማቴ የተረፈውን "ለልጆቹ" ብለው ይጭኑልኛል። ለቃና ዘገሊላ እንዲሆነን፣ ቡናው እየተፈላ ሳለ በዝርግ ሳህን አከፋፍዬ ፍሪጃቸው ውስጥ አስገባዋለሁ። ስንነሳ ቀዝቃዛውን ይዘን እንሄዳለን።