ፓወር መራጭ ያጣሁበት ዓመት

ኤሌክትሪካል ምህንድስና አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቻችን ፓወር (የኤሌክትሪክ ኃይል)፣ ኮምፒውተር እያሉ ዘርፍ ይመርጣሉ። ያን ዓመት ከክፍሉ ሁሉ ፓወር የመረጡት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ከአራቱም ሁለቱ ኮምፒውተር ለመግባት ውጤት ያነሳቸው ናቸው።

ተማሪ ወደ ፓወር ለመሳብ የዲፓርትመንታችን መላ የታወቀ ነው፤ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ስላይድ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሦስት 1,870፣ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ መስመር። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ሄደው ኮምፒውተር ሞሉ።

በዓመቱ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) ላሳያቸው አሰብኩ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ደብዳቤ አጻፍኩ፣ ማህተም አስመታሁ፣ ራሴ ወስጄ መዝገብ ቤት አስገባሁ። «ይደርሳል» አሉኝ። ደውዬ ባጣራ ምን ነበረበት? አልደወልኩም። ማህተም አምኜ 38 ተማሪ አውቶቡስ ላይ ጫንኩ። ጥበቃው «እኛ ጋ የደረሰ ነገር የለም» አለ። ኮፒውን አሳየሁት። «ይሄማ ለዋናው መሥሪያ ቤት ነው።» ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ምክትላቸው «እዚያው ይወስኑ» አሉ። እዚያ ያለው ደግሞ «ከላይ ሳልታዘዝ አላስገባም።» ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ተኩል ፀሐይ ላይ ተገተርን። አንዱ ከኋላዬ «ኮምፒውተር ቢሆን ላፕቶፕ ከፍተን ጨርሰን ነበር» ሲል ሰማሁት። ምን ልበለው?

ሻይ ልጋብዛቸው ማዶ ተሻገርን። ከሻይ ቤቱ አጠገብ የሰፈሩ ትራንስፎርመር እምምም ይላል።

«ቲቸር፣ ለምንድነው የሚጮኸው?» አለች አንዷ።

ብረቱ መግነጢስ በሆነ ቁጥር በጥቂቱ ይለጠጣል፤ መስመራችን 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነ፣ በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል አልኳት። ቀና ብላ ስታይ ቆየችና «ያ ሽቦስ?» አለች። ከሦስቱ ፊውዞች በአንዱ ቦታ ተራ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሾርት ቢፈጠር ማን ይቆርጠዋል? ትራንስፎርመሩስ ቢነድ? ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ባለ ሻይ ቤቷም ገባችበት፦ «ፍሪጄን የገደለብኝ እሱ ነዋ!»

በዚያ ዓመት 11 ልጆች ፓወር መረጡ። ያ የላፕቶፑ ልጅ ግን ኮምፒውተር ገባ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ደብዳቤውን አስገቡ፣ ግን በዕለቱ ተረኛ የሆነውን ሰው ስልክ ሳትይዙ ከግቢ አትውጡ። ዲፓርትመንቱ «ሥራ ሞልቷል በሏቸው» ይላል። እኔ አልልም፤ ቀድሟቸው የተመረቀውን ጠይቀው ያውቁታል። ስላይዱንም ትቼዋለሁ።

ስለ ሽቦው ላመለክት ሄጄ ነበር። «ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አሉኝ።