«ሥዕል ቋንቋ አይፈልግም» ብለውኝ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ልጇ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነው። አባቱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ናቸው፤ የቪዛው ጉዳይም ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ቶናው ሲቀዳ ስልኩን አስቀመጠና ጠየቀኝ።

«እዚያ ሥዕል እንደ ትምህርት ይሰጣል አሉ። እየሳልኩ ማርክ ላገኝ ነው? በእንግሊዝኛ መጨነቅ ቀረልኛ!»

አክስቴ ቀበል አድርጋ «እሱ እጁ ወርቅ ነው፤ ዝም ብሎ እየሳለ ያልፋል» አለች።

ቡናው አልወርድ አለኝ። ይህንኑ ነገር ከዓመታት በፊት ሜሪላንድ ስገባ ለእኔም ብለውኝ ነበር።

ሜሪላንድ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ አንድ ክሬዲት የሥነ ጥበብ ትምህርት ግዴታ ነው። የኮርስ ምዝገባውን የያዙት ሴትዮ ፋይሌን አገላብጠው «እንግሊዝኛሽ እስኪጠነክር ሥዕል ውሰጂ፤ ቋንቋ አይፈልግም» አሉኝ። ደስ አለኝ። አዲስ አበባ እያለሁ የክፍሉ ሠዓሊ እኔ ነበርኩ። ባዮሎጂ ላይ ልብና ኩላሊት ያለበትን ቻርት የምሠራው እኔ። የሰው ፎቶ አይቼ ስስል ሁሉም «ቁርጥ ፎቶውን!» ይላል። እኛ ጋ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ለመጀመሪያው ትልቅ ሥራ አንበሳ ሳልኩ። ፎቶውን ከኢንተርኔት አወረድኩና ሦስት ሌሊት ሙሉ ጋማውን ፀጉር በፀጉር አወጣሁት። ያለኝን እርሳስ ሁሉ ጨረስኩበት።

ከዚያ ክሪቲክ የሚሉት ቀን ደረሰ። ሥራው ሁሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ተማሪው ፊቱ ቆሞ ያወራል። አንዱ ልጅ የተጨማደደ የኮካ ቆርቆሮ በከሰል ጫር ጫር አድርጎ ነው የመጣው። አዘንኩለት። እነሱ ግን አሥር ደቂቃ ሙሉ አወሩበት። ለምን ወረቀቱ ጥግ ላይ አደረግከው? ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው? ልጁም ይመልሳል።

የእኔ ተራ ደረሰ። ክፍሉ ዝም አለ። መምህሯ «ፎቶውን ማን ነው ያነሳው?» አለችኝ።

«አላውቅም። ከኢንተርኔት ነው።»

«እሺ፣ ታዲያ እዚህ ላይ ያንቺ የሆነው የቱ ነው?»

አንገቴን ደፋሁ። እኛ መምህር ሲናገር ዓይን ዓይኑን አናይም፤ አክብሮት ነው። እዚያ ግን አንገት የደፋ ሰው ጥፋቱን ያመነ ነው። ከክፍል በኋላ አስቀርታኝ ያለ ፈቃድ የሰውን ፎቶ ገልብጦ የራስ ሥራ ነው ብሎ ማቅረብ ስርቆት እንደሆነ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ በደግ ድምፅ ነው የነገረችኝ። ቃሉ ግን ያው ነው። በቤታችን «ሌባ» ተብሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በዚህም አላበቃም። ስለ ሌላ ልጅ ሥራ ስጠየቅ «ቆንጆ ነው» አልኩ። ለምን? «ቆንጆ ነው በቃ።» ለዚህም ነጥብ ተቀነሰብኝ። በዚያው ቀን የሒሳብ ፈተና አንድ ቃል ሳልተነፍስ ደፍኛለሁ። ቋንቋ የማይፈልገው ሒሳብ ነው! ሥዕልማ ከጥግ እስከ ጥግ ወሬ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ቅሬታዬ እስከ ዛሬ አለ። ሦስት ሌሊት የለፋ እጅ ዋጋ እንዴት ያጣል? እጅ መሳል የማይችል ልጅ «ደፋር ሥራ» ተብሎ ሲጨበጨብለት አይቻለሁ። ግን በእኛም አዝናለሁ። «ቁርጥ ፎቶውን» እያልን ልጆቻችንን ፎቶ ኮፒ አድርገናቸዋል። አንድም ሰው «አንቺስ ምን አየሽ?» ብሎኝ አያውቅም።

መምህሯ እንድደግም ፈቀደችልኝ። «ከአንቺ በቀር ማንም ሊስለው የማይችለውን ነገር አምጪ» አለችኝ። ፒያሳ ያደግኩበትን ግቢ መረጥኩ። ተቀምጬ ስጀምር የገዛ ቤታችን በር በየት በኩል እንደሚከፈት ጠፋኝ! 16 ዓመት የገባሁበት የወጣሁበት በር ነው። እናቴ የሌሊት ሥራ ላይ ነበረች፤ ደወልኩላት። «በግራ ነዋ» አለች። ከአፍታ በኋላ መልሳ ደወለችና «ቆይ፣ በቀኝ መሰለኝ» አለች። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ዝም አልን። የምንስልበት ከሰል በፓኬት በዶላር ይገዛል። እጄ ላይ ሲቀር ግን የሚሸተኝ የአክስቴ ቡና ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ኤፒ ድሮዊንግ ወሰድኩ። የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ነው። ተቀምጠው የሚፈተኑት ፈተና የለውም። በአንድ ጥያቄ ዙሪያ 15 ምስል ታቀርባለህ፤ ይህ 60 በመቶ ይይዛል። ከሥራዎችህ የተመረጡ 5ቱ ደግሞ 40 በመቶ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ምን እንደፈለግህና ሥራህ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ በጽሑፍ ማስረዳትም አለብህ። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ ነው ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት። ከሥዕሉ ይልቅ ጽሑፉ ነው ያደከመኝ። 15ቱም ያ ግቢ ነበር፦ ቧንቧው፣ የጋራ ኩሽናው፣ የቆርቆሮው አጥር። 4 አገኘሁ።

ሐሙስ ዕለት ግቢውን ላየው ፒያሳ ሄጄ ነበር። ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ንጹሕ ነው፣ መብራቱም ያምራል። በራችን የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ሦስቴ ተመላለስኩ፤ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩትን፣ ለመሄድ ለምትጠባበቁ ሁሉ እላለሁ። ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሰፈራችሁን ዙሩ። ፎቶ አንስታችሁ አይደለም፤ ቆማችሁ ሳሉት። ስድስት ኪሎ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ግቡ። አፈወርቅ ተክሌ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠሩትን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ፈልጋችሁ እዩ። እኔ በዚያ በር በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! ክፍል ውስጥ «ከአገርሽ ሠዓሊ ማንን ትወጃለሽ?» ስባል አንድ ስም መጥራት አቃተኝ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ እንደነበር የነገረችኝ ፈረንጇ መምህሬ ናት። ከአንበሳው ይልቅ ይህ ያመኛል።

አክስቴ «ሥዕል ደግሞ ምን ያበላል?» አለች። አፈወርቅም ገና በ15 ዓመታቸው እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር አልኳት። «እሱማ አፈወርቅ ነው» አለች። አልፈርድባትም፤ እናት ናት።

ልጁ ስልኩን አንስቶ ጀበናውን ፎቶ ሊያነሳ ሲል ያዝኩበት። ከምድጃው ዳር አንድ የጠፋ ከሰል አንስቼ ሰጠሁት። የካርቶን ክዳን ላይ ሳለ። አክስቴ አየችውና «ይሄ ደግሞ ጀበና ነው? እጀታው ከሆዱ በልጧል!» አለች።

«ለምን አበለጥከው?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። አልቸኮልኩም።

«እማዬ ስትቀዳ ሁልጊዜ በጨርቅ ነው የምትይዘው» አለ። «ያቃጥላታል። እኔ የማየው እሱን ነው።»

አክስቴ በረካውን መቅዳት ትታ ካርቶኑን ከእጁ ወሰደችው።