እንጦጦ ካልታየኝ

አብራሪ ነኝ፤ ነሐሴ ላይ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንደገባሁ ዓይኔ እንጦጦን ይፈልጋል። የአየር ሁኔታ ዘገባው ደመናው ከመሬት 2 ሺህ ጫማ ላይ ነው ካለኝ ሂሳቡ ቀላል ነው። ቦሌ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ10 ሺህ ያልፋል። ተራራው ደመና ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ መንገዴ በዚያው በኩል ወደ ሰሜን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቤተሰብ ላሊበላ ለቅሶ ለመድረስ ባለ አንድ ሞተሯን አውሮፕላን ተከራየ። ሽርሽር ቢሆን "ነገ" ማለት ይቀላል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ እናት "ልጄ፣ ቀብሩ እኮ 9 ሰዓት ነው" ሲሉህ ምን ትላለህ?

ልጃቸው ትንሽ ያነበበ ነው። "ውጭውን ሳታይ በመሣሪያ ብቻ እየተመራህ ደመናውን ሰንጥቀህ አትሄድም እንዴ?" አለኝ። ደህና ጥያቄ ነው። ይኬዳል። ግን ላሊበላ ዙሪያ ከ4 ሺህ ሜትር የሚያልፍ ተራራ አለ፤ አቡነ ዮሴፍ አለ። እሱን በደህና ለማለፍ ከፍ ስል፣ እርጥብ ደመና ክንፍ ላይ በረዶ ወደሚሠራበት ቅዝቃዜ እጠጋለሁ። በረዶ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የክንፉን ቅርፅ ያበላሸዋል። ዝቅ ብዬ ልሂድ ካልኩ ደግሞ የትኛው ደመና ውስጥ ድንጋይ እንዳለ በምን አውቃለሁ?

"እሺ፣ እንጠብቅ" አሉ። መጠበቅም የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ነው። መሃል ላይ የምትገኘው ክፍተት እያደር ሳይሆን እያየሃት ትጠባለች። ለዚህ ነው የመነሻዬን የመጨረሻ ሰዓት ሰው ሳይከበኝ፣ ቤቴ ቡና እየጠጣሁ የምቆርጠው። ያን ቀን 4 ሰዓት ተኩል ብዬ ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ።

4 ሰዓት ተኩል ሆነ፣ እንጦጦ የለም። "አንሄድም" አልኩ። ምክንያት አላበዛሁም። ምክንያት ከበዛ ድርድር ይከፈታል።

ይግረማችሁና 7 ሰዓት ላይ ቦሌ ፀሐይ ወጣ! ልጅየው ደወለ።

"ካፒቴን፣ ሰማዩን እያየኸው ነው?"

እያየሁት ነበር። በስተሰሜን የነጎድጓዱ ደመና እንደ አበባ ጎመን አናቱን እየነፋ መቆለል ጀምሯል። ላስረዳው አልሞከርኩም። እናትየው ስልኩን ተቀበሉት።

"ቀብሩስ አመለጠን። ለሠልስቱ ታደርሰናለህ?"

"ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይምጡ፣ እማማ። ሰማዩን አብረን እናያለን። ዕቃ ግን ይቀንሱልኝ፤ የመመለሻ ነዳጅ እጨምራለሁ።"